ስለ ፉቱራ ፎንት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዲዛይን ተማሪዎች፣ ከግራፊክስ ባለሙያዎችና ሎጎ ከሚያሠሩ ሰዎች በብዛት የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው፤ ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፉቱራ ምንድን ነው?

ለላቲን ፊደል የተሠራ ፎንት ነው። ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ከተማ የነበረው ባወር የተባለ የፊደል ማምረቻ በ1927 ለገበያ አወጣው። በዚያ ዘመን ፎንት ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ፋይል አልነበረም። ከእርሳስ ቅልቅል የተሠራ ጥቃቅን ብረት ነበር። ማተሚያ ቤቱ በክብደት ይገዛዋል፣ ፊደል ለቃሚው አንድ በአንድ እያነሳ ይደረድረዋል። ዛሬ ስክሪን ላይ የምናየው ፉቱራ የተወረሰው ከዚያ ብረት ነው።

መለየቱ ከባድ አይደለም። ካፒታል ኦ ክብ ናት። ስሞል ኤ አንድ ክብና አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ብቻ ናት፤ በእጅ ስንጽፋት እንደምናደርገው ማለት ነው። ስሞል ጄ ከታች አትታጠፍም፣ ነጥብ ያላት ቀጥ ያለች መስመር ናት። ሦስቱን አንድ ላይ ካያችሁ ያያችሁት ፉቱራን ወይም የቅርብ ዘመዱን ነው።

ማን ሠራው?

ፓውል ሬነር ይባላል። በ1878 የተወለደ ጀርመናዊ ሠዓሊ፣ የመጽሐፍ ዲዛይነርና መምህር ነው። ሥራውን የጀመረው በ1924 ገደማ ነው፤ ፎንቱ ሲወጣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ ተጠግቶ ነበር። ስለዚህ ፉቱራ ያለፈውን ሁሉ ልናድ ብሎ የተነሳ ጎረምሳ ሥራ አይደለም። መጽሐፍ ሲያሳምር የኖረ፣ የድሮዎቹን ፊደሎች አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው።

ብቻውን ግን አልጨረሰውም። ሬነር መጀመሪያ ያመጣቸው አንዳንድ ፊደሎች በጣም እንግዳ ነበሩ። ስሞል አር አንድ ዘንግና ከጎኗ ተነጥላ የቆመች ነጥብ ነበረች። ስሞል ኤንና ኤም ደግሞ ትከሻቸው እንደ ሳጥን ማዕዘን ነበረው። በባወር የጥበብ ሥራውን ይመራ የነበረው ሃይንሪሽ ዮስት ነው። እዚያ ፊደሎቹ እየተሳሉ፣ እየተቀረጹ፣ እየታተሙ፣ እንደገና እየታረሙ ዓመታት ፈጁ። እኔ ለዚህ የማረም ሥራ ትልቅ ቦታ እሰጠዋለሁ። ሐሳቡ የሬነር ነው፤ የሚነበብ ፎንት የሆነው ግን በዚያ ትዕግሥት ነው።

ጂኦሜትሪያዊ የሚባለው ለምንድን ነው? ከአሪያልና ከሄልቬቲካ በምን ይለያል?

ፊደሎቹ ከክብ፣ ከሦስት ማዕዘንና ከአራት ማዕዘን የተገጣጠሙ ስለሚመስሉ ነው። መስመሩም ከዳር እስከ ዳር አንድ ውፍረት ያለው ይመስላል። ጫፉ ላይ ሰሪፍ የምትባለዋ ትንሽ እግር የለችም።

አሪያልና ሄልቬቲካም ሰሪፍ የላቸውም፤ ነገር ግን ከሌላ ቤት ናቸው። የስዊዘርላንዱ ሄልቬቲካ በ1957 ነው የወጣው። የእሱ ፊደሎች በስፋት ይቀራረባሉ፤ አንድ ረድፍ ወታደር ይመስላሉ። በፉቱራ ግን ካፒታል ኢ፣ ኤፍ፣ ኤልና ኤስ ጠበብ ይላሉ፤ ኦ፣ ሲና ጂ ደግሞ ሰፋ። ካፒታል ኢ ከካፒታል ኦ ጋር ስትተያይ ግማሽ ያህል ቦታ ነው የምትይዘው። ይህ መበላለጥ የመጣው ሮማውያን ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ድንጋይ ላይ ከቀረጹት ጽሑፍ ነው። ዘመናዊ የምንለው ፎንት አጥንቱ ጥንታዊ ነው። በካፒታል ብቻ የተጻፈ የፉቱራ ርዕስ ግርማ ሞገስ ያለው ለዚህ ይመስለኛል።

የት የት ነው የሚታየው?

ከሁሉም ርቆ የሄደው ጨረቃ ላይ ነው። በጁላይ 1969 አፖሎ 11 ሲያርፍ፣ ከመንኮራኩሯ እግር ጋር እዚያው የቀረው የብረት ሰሌዳ የተጻፈው በፉቱራ ካፒታል ፊደሎች ነው። ጽሑፉ ሰዎች በሰላም ለሰው ልጅ ሁሉ እንደመጡ ይናገራል። ከላዩ የምድር ሥዕል፣ ከሥሩ የሦስቱ ጠፈርተኞችና የፕሬዚዳንት ኒክሰን ፊርማ አለ።

ምድር ላይ ደግሞ ማስታወቂያ ውስጥ ሞልቷል። አዲስ አበባ ላይ "ቮልስ" እያልን የምንወዳት መኪና ከ1959 ጀምሮ በአሜሪካ የታወቀችው በፉቱራ በተጻፉ ማስታወቂያዎች ነው። ገጹ በአብዛኛው ባዶ ነጭ ነው፤ መኪናዋ ጥግ ላይ ትንሽ ሆና ትታያለች፤ ከሥር አጭር ርዕስ አለ። የናይኪ "ጀስት ዱ ኢት" በወፍራሙና በጠባቡ ፉቱራ ተጽፎ ነው ዓለምን የዞረው። ቲሸርት ላይ በቀይ ሳጥን ውስጥ በነጭ የምናየው የልብስ ድርጅቱ የሱፕሪም ስምም ዘንበል ያለ ፉቱራ ነው።

የተወውም አለ። የስዊድኑ የቤት ዕቃ ድርጅት ኢኬያ ለረጅም ዓመታት ካታሎጉን በፉቱራ ላይ በተመሠረተ ፎንት ሲያሳትም ቆይቶ በ2009 ወደ ቬርዳና ዞረ። ምክንያቱ በየአገሩና በኢንተርኔት ላይ በአንድ ፎንት ለመሥራት ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙ ዲዛይነሮች አዘኑ። ኋላ በ2019 ኢኬያ ወደ ኖቶ ተሻገረ። ኖቶ የእኛን ፊደል ጭምር የያዘ ቤተሰብ ስለሆነ ይህች ታሪክ ወደ በኋላ ትጠቅመናለች።

የባውሃውስ ትምህርት ቤት ሥራ ነው ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። ባውሃውስ በዚያ ዘመን ጀርመን ውስጥ የነበረ ስመ ጥር የዲዛይን ትምህርት ቤት ነው፤ ሬነር ግን እዚያ አልተማረም፣ አላስተማረምም። ያስተማረው በፍራንክፈርትና በሙኒክ ነው። ሐሳባቸው ግን ይቀራረባል፤ ጌጥ ይቅር፣ ቅርጹ ከአገልግሎቱ ይምጣ የሚለው አስተሳሰብ በዚያን ጊዜ በጀርመን በብዙ ቦታ ይነገር ነበር። ስሙ ከባውሃውስ ጋር አብሮ የሚነሳው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ጂኦሜትሪያዊ ፎንት እሱ ነው?

አይደለም። ኤድዋርድ ጆንስተን ለለንደን የምድር ውስጥ ባቡር የሠራው ፊደል በ1916 ክብ ኦ ነበረው። በጀርመንም ያኮብ ኤርባር በስሙ የሚጠራውን ፎንት ከፉቱራ ትንሽ ቀደም ብሎ አውጥቷል። ካቤል የተባለው የሩዶልፍ ኮኽ ሥራ በዚያው በ1927 ወጣ። ፉቱራ ከእነዚህ ሁሉ በላይ ገነነ። ቤተሰቡን በውፍረትና በስፋት ቶሎ ቶሎ ማስፋፋታቸው ረድቶታል፤ ጠባብ፣ ወፍራም፣ ዘንበል ያለ፣ ሁሉም ተገኘ። ፈረንሳይ ውስጥም "አውሮፓ" በሚል ስም ተሽጧል።

ካፒታል ኦ እውነት ፍጹም ክብ ናት?

አይደለችም። የፉቱራ ሙያው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የሰው ዓይን አግድም መስመርን ከቋሚ መስመር አወፍሮ ነው የሚያየው። ሁለቱን በእኩል ውፍረት ካሠመራችሁ አግድሙ የከበደ ይመስላል። ስለዚህ ኦ አናቷና ታቿ ከጎኖቿ ቀጠን ተደርገው ተሠርተዋል። በኮምፓስ በእኩል ውፍረት ብትሠራ ኖሮ ከላይና ከታች የተጫናት፣ ወደ ጎን የተለጠጠች ትመስል ነበር። ክብ እንድትመስል ከክብነት ትንሽ መራቅ ነበረባት።

ሁለተኛው ቁመቷ ነው። ኦን ከካፒታል ኤች ጋር እኩል አድርጋችሁ ብታቆሟት ያጠረች ትመስላለች፤ መስመሩን የምትነካው በአንድ ነጥብ ብቻ ነዋ። ለዚህ ከላይም ከታችም በጥቂቱ ታልፋለች። ሹል ጫፍ ያላቸው ደግሞ የበለጠ ያልፋሉ። በቀጫጭኖቹ ውፍረቶች የካፒታል ኤ ሹል አናት ከጎረቤቶቿ በላይ ብቅ ብሎ ይታያል። ወፍራሙ ፉቱራ ቦልድ ላይ ስትደርሱ ጫፉ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ሆኗል።

ሦስተኛው መገጣጠሚያው ነው። ስሞል ቢን፣ ዲን ወይም ፒን በጣም አሳድጋችሁ እዩ። ክቡ ከዘንጉ ጋር ሊገናኝ ሲል እየቀጠነ ይሄዳል። ባይቀጥን ኖሮ መገናኛው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይፈጠር ነበር፤ በብረት ሲታተም ደግሞ ቀለም ይጠራቀምበታል። በቦልድ ይህ መቅጠን በግልጽ ይታያል።

ማመን ካቃታችሁ በዲዛይን ፕሮግራማችሁ ሞክሩት። አንድ ትልቅ ኦ በፉቱራ ቦልድ ጻፉ። ቅጂዋን 90 ዲግሪ አዙሩና በላይዋ ላይ አስቀምጡ። አይገጥሙም። ወፍራሙና ቀጭኑ ቦታ ሲለዋወጥ ታያላችሁ። በክብ መሥሪያው ብቻ ሎጎ ሠርቶ "የሆነ ነገር ልክ አይደለም" የሚል ሰው መልሱን እዚህ ያገኘዋል።

የናዚዎች ፎንት ነበር የሚሉ አሉ። ምን ያህል እውነት ነው?

ሬነር ናዚዎችን በአደባባይ የተቃወመ ሰው ነው። በ1932 የናዚዎችን የባህል አቋም የሚነቅፍ አጭር መጽሐፍ ጻፈ፤ የታተመለት ስዊዘርላንድ ነው። ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ታሰረ፣ ሙኒክ ከሚመራው የኅትመት ትምህርት ቤትም ተባረረ። እስከ ሞተበት እስከ 1956 ድረስ የቀድሞ ቦታው አልተመለሰም።

ግራ የሚያጋባው ፎንቱ በናዚ ዘመን ማገልገሉን መቀጠሉ ነው። በመጀመሪያ አገዛዙ የሚያሞግሰው ጎቲክ የሚባለውን ጥምዝምዝ የጀርመን ፊደል ነበር። በጃንዋሪ 1941 ግን በናዚ ፓርቲ ባለሥልጣኑ በማርቲን ቦርማን ፊርማ በወጣ ትእዛዝ ያንኑ ፊደል "የአይሁድ ነው" ብሎ አገደው። ውሸት ነበር። ከዚያ በኋላ ተራው የላቲን ፊደል በየቦታው ገባ፤ ፉቱራም ከዚያ አንዱ ነው። አንድ ፎንት ማን እንደተጠቀመበት አይመርጥም። ሠሪው ግን መርጧል፣ ዋጋም ከፍሎበታል፤ ስሙ ከአሳሪዎቹ ጋር ሲቆራኝ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደኛል።

ለረጅም ጽሑፍ ይሆናል? መመረቂያ ጽሑፌን በፉቱራ ብጽፈውስ?

አልመክርም። ስሞል ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ፒና ኪው በሙሉ ከአንድ ዓይነት ክብ የተሠሩ ናቸው። ዓይናችን ቃልን የሚለየው በፊደሎቹ ልዩነት ስለሆነ፣ ሁሉም ሲመሳሰሉ ከጥቂት ገጽ በኋላ ይደክማል። ስሞል ፊደሎቹም ከካፒታሎቹ አንጻር አጫጭር ናቸው፤ በ11 ነጥብ (ነጥብ የፊደል መጠን መለኪያ ነው) የተጻፈ ፉቱራ በ11 ነጥብ ከተጻፈ አሪያል አንሶ ይታያል። ካፒታል አይና ስሞል ኤልም ሁለቱም ቀጥ ያሉ ዘንጎች ናቸው። የሚለያቸው ኤል ትንሽ መርዘሟ ብቻ ነው። ይለፍ ቃል ወይም የመለያ ቁጥር በፉቱራ አትጻፉ።

ቦታው ርዕስ፣ ፖስተር፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ የግብዣ ካርድ፣ የሱቅ ታፔላ ነው። በካፒታል ስትጽፉ በፊደሎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ትንሽ ከፈት አድርጉት። በተለይ ኤ፣ ቪ፣ ቲና ኤል ጎን ለጎን ሲመጡ የሚፈጠረውን ሰፊ ባዶ በእጅ አስተካክሉ። የሥራ ጥራት የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው።

ነጻ ነው? ኮምፒውተሬ ላይ አለ?

ፉቱራ የሚሸጥ ፎንት ነው። ማክና አይፎን ላይ ጥቂት ውፍረቶች አብረው ይመጣሉ። ከዊንዶውስ ጋር አይመጣም። ስትገዙ ፈቃዱን በደንብ አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ለኮምፒውተር፣ ለድረ ገጽና ለሞባይል መተግበሪያ የሚሰጠው ፈቃድ ለየብቻ ነው። ከቴሌግራም ቻናል የወረደ ፉቱራ ለደንበኛ ሥራ አይሆንም። ከፈቃዱ ሌላ፣ እንዲህ ያሉ ፋይሎች አንዳንዴ ፊደል ይጎድላቸዋል፣ ክፍተታቸውም የተዛባ ነው።

በነጻ የምትፈልጉ ከሆነ ዮስት የሚባለውን ሞክሩ። ከላይ በጠቀስነው በሃይንሪሽ ዮስት ስም የተሰየመ፣ ከፉቱራ መንፈስ የተቀዳ ክፍት ፈቃድ ያለው ፎንት ነው። ጉግል ፎንትስ ላይ ይገኛል፣ ለንግድም ይፈቀዳል። ዎርድ ላይ የምትሠሩ ደግሞ "ትዌንቲዝ ሴንቹሪ" የተባለውን የፉቱራ ተፎካካሪ ፈልጉ። በሞኖታይፕ ድርጅት በ1930ዎቹ የተሠራ ነው፤ ከማይክሮሶፍት ኦፊስ ጋር ሲመጣ ስሙ ያጠረ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያውቀው ያልፈዋል።

ሴንቹሪ ጎቲክ፣ አቬኒር፣ ጎታም፣ ሞንትሴራት፣ ፖፒንስ... ሁሉም አንድ አይደሉም?

ዘመዳሞች ናቸው፣ አንድ ግን አይደሉም። ሴንቹሪ ጎቲክ ስፋቱን የወሰደው በ1970 ከወጣው ከአቫንት ጋርድ ነው። ስሞል ፊደሎቹ ትልልቅና ሰፋፊ ናቸው፤ ቦታ ይበላል። አቬኒር በ1988 የወጣ የአድሪያን ፍሩቲገር ሥራ ነው፤ ከሁሉም ለንባብ የሚቀለው እሱ ይመስለኛል፤ ክቡን ለስለስ አድርጎታልና። ጎታም የመጣው ከኒው ዮርክ ሕንጻዎች ጽሑፍ ነው፣ በ2008 በኦባማ የምርጫ ዘመቻ ገነነ። ሞንትሴራትና ፖፒንስ በነጻ ስለሚገኙ አሁን በየፖስተሩ ላይ አሉ። ፖፒንስ የሕንድን ዴቫናጋሪ ፊደል አብሮ ይዞ የተሠራ ነው፤ የላቲኑና የሕንዱ መስመር ተናቦ ተስሏል። ለእኛ ፊደል የምመኘው እንዲህ ያለውን ነው።

በፉቱራ አማርኛ መጻፍ ይቻላል? እኔ ስጽፍ እኮ ይጽፍልኛል!

የሚጽፍላችሁ ፉቱራ አይደለም። ፉቱራ ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም። ኮምፒውተሩ የጎደለውን ፊደል ከሌላ ፎንት አምጥቶ ይሞላል። ዊንዶውስ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ኒያላን ወይም ኤብሪማን ነው፤ ማክ ላይ ኬፋን፣ አንድሮይድ ላይ ኖቶን። ከላይ ያለው የፎንት ስም ሳጥን "ፉቱራ" እያለ ሊቆይ ስለሚችል ነው ሰው የሚሳሳተው።

ችግሩ ፋይሉ ሲንቀሳቀስ ይመጣል። ቤት ሠርታችሁ ማተሚያ ቤት ስትወስዱት ያኛው ኮምፒውተር ሌላ ፎንት ይሞላበታል፤ መስመሩ ይሰበራል ወይም ሳጥን ሳጥን ይሆናል። አማርኛውን ለይታችሁ ምረጡና ፎንቱን ራሳችሁ ስጡት። ከዚያ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ፎንቶቹን አብራችሁ አስገቡ።

በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ የድሮ ፋይል ላይ ፉቱራን ስመርጥ ጽሑፉ ለምን ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል?

ዩኒኮድ ኮምፒውተሮች ለየቋንቋው ፊደል የየራሱን መለያ ቁጥር የሚሰጡበት የጋራ ሥርዓት ነው፤ የግዕዝ ፊደል እዚያ ቦታ ያገኘው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፎንቶች የእኛን ፊደል መልክ በላቲን ፊደሎችና ምልክቶች ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ምልክት እንደተጻፈ ነው፤ አማርኛ የሚያደርገው ፎንቱ ነው። ፉቱራን ስትመርጡ ከሥር ያለው ይገለጣል። ፎንቱን ብትመልሱት ይስተካከላል። ዘላቂው መፍትሔ ግን ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው።

ከፉቱራ ጎን የትኛው የአማርኛ ፎንት ይሄዳል?

ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አስቀድማለሁ። ነጻ ነው፣ መስመሩ ብዙ አይወፍርም አይቀጥንም፣ ከስስ እስከ በጣም ወፍራም ድረስ የየራሱ ውፍረት አለው። ኒያላ የብዕር ጣዕም ያለው ፎንት ነው፤ ለጽሑፍ እወደዋለሁ፣ ከፉቱራ ጎን ግን ሁለቱ በየራሳቸው ዓለም ይቀራሉ።

መጠኑ ላይ ተጠንቀቁ። የእኛ ፊደል ካፒታልና ስሞል የለውም። ቁመቱ ብዙ ጊዜ ከላቲን ስሞል ይበልጣል፣ ከካፒታል ያንሳል። የፉቱራ ስሞሎች ደግሞ አጫጭር ናቸው። ሁለቱንም በ20 ነጥብ ብትጽፉ እንግሊዝኛው ከአማርኛው ሥር የተደበቀ ይመስላል፤ ላቲኑን ከፍ አድርጉት። እንግሊዝኛው በሙሉ ካፒታል ከሆነ ግን ተቃራኒው ይሆናል፤ ላቲኑን ቀንሱት። ቁጥሩን አትጠይቁኝ፣ እንደ ፎንቱ ይለያያል፤ "በ"ን ከስሞል ኤክስና ከካፒታል ኤች ጎን አስቀምጡና በዓይናችሁ ፍረዱ።

ውፍረቱንም በስም አትመኑ። ብዙ የእኛ ፊደሎች በጠባብ ቦታ ብዙ ጭረት ስለሚይዙ በአንድ ስም የሚጠራ ቦልድ በአማርኛው ጠቁሮ ይታያል። ብዙ ጊዜ አማርኛውን አንድ ደረጃ ማሳነስ ያስፈልጋል። የራሱ ቦልድ የሌለውን የአማርኛ ፎንት "ቢ" የምትለዋን ተጭኖ ማወፈር ግን ተዉት፤ ፕሮግራሙ ዙሪያውን ዝም ብሎ ያደልበዋል፣ የፊደሎቹ ውስጥ ይደፈናል። በአማርኛ ዓረፍተ ነገር መካከል የሚመጣ ቁጥርም በአማርኛው ፎንት ይሁን፤ "በ2016" ሲጻፍ ቁጥሩ ብቻ ፉቱራ ከሆነ ዓይን ይወጋል።

የግዕዝን ፊደል እንደ ፉቱራ በኮምፓስና በማስመሪያ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል፣ የሞከሩም አሉ። ከላቲኑ ግን ይከብዳል። የፊደላችን መልክ የተወለደው ከሸምበቆ ብዕርና ከብራና ነው። ቁም ጸሐፊው ሲጽፍ ቋሚው ጭረት ይወፍራል፣ አግድሙ ይቀጥናል። ይህን ልዩነት ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ሁሉንም እኩል ማድረግ ፊደሉን ያደርቀዋል። ደግነቱ ልዩነቱ ፉቱራ በድብቅ ከሚያደርገው ጋር አንድ አቅጣጫ ነው፤ አግድሙ ቀጠን ይላል። ስለዚህ ጂኦሜትሪያዊ ግዕዝ የሚሠራ ሰው ልዩነቱን መቀነስ እንጂ መሰረዝ የለበትም።

ክብ ፊደሎቹን እንይ። ዐ ባዶ ክብ ናት። ፀ ያችው ክብ ሆና መሐሏ ላይ አግድም መስመር አለባት። ወ ደግሞ በቋሚ መስመር የተከፈለች ናት። ሦስቱንም በአንድ ክብና በአንድ ውፍረት ብትሠሩ ዐ ባዶ ቀዳዳ ትመስላለች፤ ፀና ወ ይጠቁራሉ። ዐ ትንሽ መጥበብ፣ ወ ትንሽ መስፋት፣ የፀ የውስጥ መስመር መቅጠን አለበት። መ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ክቦች ናት፤ ሙሉ ክብ አድርጋችሁ ከሠራችኋት የሁለት ፊደል ቦታ ትወስዳለች፣ ስለዚህ ክቦቿ ወደ እንቁላል ቅርጽ መጠጋት ግድ ይላቸዋል።

በጣም የሚፈትነው ግን ቅጥያው ነው። ቢ እግሯ ሥር ሰረዝ አላት፤ ቤ በዚያው ቦታ ትንሽ ቀለበት አላት። ቀለበቷ ከተደፈነች ቤ ቢ ትሆናለች፣ ሌ ሊ ትሆናለች፣ ኬ ኪ ትሆናለች። ሸን ከሰ የሚለያት አናቷ ላይ ያለው ሰረዝ ነው፤ በወፍራም ፎንት ሰረዙ ከሥሩ ካለው ጋር ሲጣበቅ ጥቁር ጉብታ ይሆናል። ላቲን ካፒታልና ስሞል ተደምሮ 52 ቅርጽ ነው። የእኛ 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። ለአንዷ ቀለበት የተወሰነው ልክ በመላው ኃምስ ላይ ይመጣል፣ ጥፋቱም እንዲሁ።

ስለዚህ አዲስ የአማርኛ ፎንት ሲቀርብላችሁ በፖስተር መጠን አይታችሁ አትፍረዱ፤ ሲተልቅ ሁሉም ያምራል። "ቢራ ቤት" እና "ሰው ሸሸ" ብላችሁ በ8 ነጥብ በተራ ወረቀት አትሙ፣ ያንኑ ደግሞ በርካሽ ስልክ ስክሪን ላይ እዩት። ቢና ቤ ካልተለያዩ ዲዛይነሩ ቀለበቷን ያስፋ፣ ለቀለበቷ ብቻ መስመሩን ያቅጥን፤ ክቧ ከሌሎቹ ክቦች ጋር በኮምፓስ ባትገጥምም።